ኮዱ ልክ ነው፣ ተጫዋቹስ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሶፍትዌር ስጽፍ፣ በተለይ ደግሞ ጌም ስሠራ ነው። ጀማሪዎች ሲያገኙኝ ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «የትኛውን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልማር?» ብለው ነው። አንዱን ያዙና ጀምሩ። ቋንቋው ይቀየራል፣ መሣሪያውም ይቀየራል። በዚህ ሁሉ ዓመት ያልተቀየረብኝ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሰውየው ቁልፉን ሲጫን ምን ተሰማው?

ምሳሌ ልስጣችሁ። ገጸ ባሕርዩ እየሮጠ ገደል አፋፍ ደረሰ። ተጫዋቹ የመዝለያውን ቁልፍ ተጫነ። ገጸ ባሕርዩ ግን ሳይዘል ገደል ገባ። ተጫዋቹ «ዘልዬ ነበር እኮ!» ብሎ ይጮኻል። ኮዱን ከፍታችሁ ስታዩት፣ ቁልፉ የተነካው እግሩ መሬቱን ከለቀቀ ከሁለት ፍሬም በኋላ ነው። ፍሬም ማለት ስክሪኑ ላይ እየተከታተሉ ከሚታዩት ምስሎች አንዱ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ለሚያሳይ ጌም፣ ሁለት ፍሬም ማለት 33 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ዓይን እንኳ ተርገብግቦ አይጨርስም።

እንግዲህ ማን ነው ልክ? በሂሳብ ከሄድን ኮዱ። እኔ ግን ለተጫዋቹ እፈርዳለሁ። ምክንያቱም ምስሉ ዓይኑ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። መቆጣጠሪያው ትንሽ ያዘገያል፣ ጌሙ ራሱ ያዘገያል፣ ስክሪኑም የራሱን ይጨምራል። ተጫዋቹ የተጫነው ባየው ነገር ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ያየው ደግሞ ያለፈውን ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ጌሞች መሬቱን ከለቀቀ በኋላም ለጥቂት ፍሬም መዝለል የሚፈቅዱለት። በሙያው ካዮቲ ታይም ይባላል። መሬት ሳይነካ ቀድሞ ከተጫነም፣ ጌሙ ያስታውስለትና ልክ ሲያርፍ ያዘልለዋል። ተጫዋቹ ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያውቀው ጌሙ እንደሚታዘዝለት ብቻ ነው።

ከጌም ውጭም ያው ነው። አንድ ሰው ረጅም ፎርም ሞልቶ ሲጨርስ ገጹ ሁሉንም ካጠፋበት፣ «ተጠቃሚው ተሳስቶ ነው» ማለት ይቀላል። እኔ ግን አብሬያቸው የምሠራ ልጆች ይህን ዓረፍተ ነገር ባይለምዱት ደስ ይለኛል።

ታዲያ ተጫዋቹ የተሰማውን በምን እናውቃለን? ሲጫወት ከኋላው ቁጭ ብሎ ዝም በማለት። በጣም ከባድ ነው! የሚጫወተው ልጅ ጌሙ ውስጥ ካለ አንድ ክፍል መውጫ አጥቶ ሲዞር፣ በሩ ደግሞ እዚያው ፊቱ ሲሆን፣ አፋችሁን ይበላችኋል። አትናገሩ። ጌሙ ከወጣ በኋላ አጠገቡ አትኖሩም። ሲጨርስ «ከባድ ነው» ይላችኋል፤ እናንተም ጠላቶቹን ልታዳክሙ ትነሣላችሁ። ሲጫወት ዓይኑን ብትከታተሉት ግን፣ በሩ ከግድግዳው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ስለሆነ ጭራሽ እንዳላየው ትረዱ ነበር።

ስፔስ ኢንቬደርስ የሚባለውን ጌም ታውቁት ይሆናል፣ በ1978 የወጣውን። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ጌሙን ሲሠራ የተጠቀመበት ፕሮሰሰር አቅሙ ትንሽ ነበር። ጠላቶቹ ሲበዙ ይንቀራፈፋል። ሲመቱና ሲቀንሱ ደግሞ የሚሳለው ስለሚያንስ የቀሩት እየፈጠኑ ይመጣሉ። ማሽኑን ብቻ የሚያይ ሰው ይህንን «ያስተካክለው» ነበር። ኒሺካዶ ግን እንዳለ ተወው። የመጨረሻው ጠላት ሽው ሲል ልብ የሚሰቅለው ነገር የመጣው ከዚያ ነው።

ባግ፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት፣ ሁሉ በረከት ነው እያልኩ አይደለም። በ1980 የወጣው ፓክ ማን የደረጃውን ቁጥር የሚይዘው ከ255 በላይ መቁጠር በማይችል አንድ ባይት ነበር፤ 256ኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ ይዘበራረቃል፣ ማለፍም አይቻልም። ለዚያ ሁሉ ደረጃ የለፋ ሰው እንዲህ መቆሙ ያሳዝነኛል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ሌሊት ሥራ ልናገር። ዴድላይን ሲደርስ ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ማጣት በሙያችን እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። አልስማማም። የደከመ ፕሮግራመር የሚሠራ ኮድ ሊጽፍ ይችላል። ዝላዩ ትንሽ እንደከበደ፣ ድምፁ ትንሽ እንደዘገየ ግን አይሰማውም። መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ስሜት ነው፣ ሲጠፋም አይታወቅም።

አሁን ጌም እየሠራችሁ ላላችሁ አንድ ነገር። እነዚህን ቁጥሮች፣ ማለትም የዝላዩን ከፍታ፣ የይቅርታውን ፍሬም (ያንን ካዮቲ ታይም)፣ ፍጥነቱን፣ ኮዱ ውስጥ አትቅበሯቸው። ዲዛይነሩ ፕሮግራመር ሳይጠራ፣ ጌሙ እየሄደ የሚቀይራቸው ይሁኑ። ከቻላችሁ የተወሰኑትን ለተጫዋቹም ስጡት። በ2018 የወጣው ሴሌስት በጣም ከባድ የተራራ መውጣት ጌም ነው፤ ሴቲንጉ ውስጥ ግን ፍጥነቱን እስከ ግማሽ መቀነስ ይቻላል። ጣቱ ቶሎ የማይታዘዝለት ሰውም ተራራውን ይወጣል።