«ዚፕ ኮድ ሲሉኝ ምን ልበል?» የአዳማ አድማጮች ጥያቄና መልስ

ከአዳማ በስልክ የደረሱንን የፖስታ አድራሻ ጥያቄዎች ከባለሙያ መልስ ጋር አቅርበናል።

ጥያቄ (ከዳቤ የደወሉ እናት)፦ አሜሪካ ያለው ልጄ ዕቃ ሊልክልኝ ዚፕ ኮድ ጠየቀኝ። የፖስታ ሣጥን ቁጥሬን ነገርኩት። አጠፋሁ?

መልስ፦ እናቴ፣ ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ የሚጻፍበት ቦታ ግን ሌላ ነው። የፖስታ ኮድ፣ አሜሪካኖች ዚፕ ኮድ የሚሉት፣ ዕቃውን ወደ ትክክለኛው ፖስታ ቤት ይመራል። ሣጥን ቁጥሩ ደግሞ እዚያ ከደረሰ በኋላ የማን እንደሆነ ይለያል። በእኛ አገር ፖስታ ቤት ለቤት ማደል ስላልተለመደ ዋናው አድራሻ ሣጥኑ ነው። ስለዚህ ከስምዎ በታች ባለው መስመር «ፖ.ሳ.ቁ.» ተብሎ ለብቻው ይግባ። በዚፕ ኮዱ ቦታ ከገባ ኮምፒዩተሩ ኮድ አድርጎ ይወስደዋል፤ አዳማ ሲደርስም ሣጥን የሌለው ዕቃ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ኮድ 4 አኃዝ ነው፤ የአዲስ አበባው 1000 ሲሆን ከከተማው ስም በፊት ይጻፋል። የእርስዎን ኮድ ሣጥኑን ከተከራዩበት መስኮት ይጠይቁ። ልጅዎም ቅጹን ሲሞላ ከሁሉ አስቀድሞ አገሩን ኢትዮጵያ ብሎ ይምረጥ፤ ብዙ ቅጾች ያን ጊዜ ኮዱን በግድ መጠየቅ ይተዋሉ። ቅጹ እንቢ ካለውም የራሱን የአሜሪካ ኮድ አይሙላ። ይህን አደራ እላለሁ፤ መለያው ኮምፒዩተር ኮዱን አምኖ ዕቃውን ወደዚያው ሰፈር ሊመልሰው ይችላል። ስልክዎን ከ251 ጀምሮ መጻፍም አይርሳ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካኖቹ አምስት ቁጥሮች ትርጉም አላቸው ወይስ በተራ የተሰጡ ናቸው?

መልስ፦ አላቸው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን የሜሪላንዷን ሲልቨር ስፕሪንግ እንውሰድ፤ አንዱ ኮዷ 20910 ነው። የመጀመሪያው 2 ሜሪላንድን፣ ዋሽንግተን ዲሲን፣ ቨርጂኒያንና አጎራባች ግዛቶችን ያቅፋል። 209 ሲባል የአካባቢው መለያ ማዕከል ይታወቃል። የመጨረሻው 10 የማደያውን ፖስታ ቤት ይለያል። ከግራ ወደ ቀኝ በሄዱ ቁጥር አካባቢው እየጠበበ ይመጣል። ከመጀመሪያዎቹ አኃዞች አንዷ ከተሳሳተች ደብዳቤው ሌላ ግዛት ሊገባ ይችላል፤ በመጨረሻው ላይ ያለ ስህተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ሰፈር ነው የሚጥለው።

ጥያቄ (የቅመማ ቅመም ነጋዴ)፦ የውጭ ደንበኞቼን አድራሻ በኤክሴል ይዤ ስቲከር አትማለሁ። ወደ ቦስተን የላክሁት ናሙና ተመለሰ። ኮዱን በትክክል ነው ያስገባሁት።

መልስ፦ በትክክል አስገብተው ኤክሴል ቆርጦት ይሆናል። የቦስተን ኮዶች በዜሮ ይጀምራሉ፤ ለምሳሌ 02108። ኤክሴል ይህን እንደ ተራ ቁጥር ስለሚያየው 2108 ያደርገዋል። የናይሮቢ 00100ም 100 ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ቁጥሩን ከማስገባት በፊት ነው፦ የኮዱን ዓምድ ይምረጡና ዓይነቱን ከቁጥር ወደ «ቴክስት» (ጽሑፍ) ይቀይሩ። አስቀድመው ያስገቡትን ሲያርሙ በአሜሪካ ዝርዝር ውስጥ 4 አኃዝ ያለው ሁሉ ዜሮ ጎድሎታል። ግን ዓምዱን በሙሉ በጅምላ 5 አኃዝ አያድርጉት፤ የዴንማርክና የስዊዘርላንድ ኮዶች በትክክልም 4 ናቸው።

የቦታውም ነገር አለ። አሜሪካ ኮዱ ከከተማና ከግዛት ቀጥሎ ይመጣል፤ ጀርመን ከከተማው በፊት፣ «10115 በርሊን» እንደሚባለው። የአገሩ ስም ሁልጊዜ የመጨረሻው መስመር ነው። ፖስታው ላይ አድራሻው ከላይ ጠርዝ 40 ሚሊ ሜትር፣ ከቀኝና ከታች 15 ሚሊ ሜትር ይራቅ። የታችኛው ባዶ ቦታ ማሽኑ የራሱን የመለያ መስመሮች የሚያትምበት ነው፤ ማኅተም ወይም ጌጥ ካረፈበት ንባቡ ይበላሻል። ስቲከሩንም በሚያብረቀርቅ ፕላስተር አይሸፍኑት።

ጥያቄ፦ ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ አዳማ ነው የምኖረው። የውጭ ድረ ገጽ «ናዝሬት» እንጂ አዳማ የሚል አያወጣልኝም። ምን ልምረጥ?

መልስ፦ ዝርዝሩ ናዝሬትን ብቻ ካወጣ እሱን ይምረጡ፤ የድሮ መዝገብ ነው። ግን ከላይኛው የአድራሻ መስመር «አዳማ»ን ይጨምሩ፣ አገሩም ኢትዮጵያ መሆኑን ያረጋግጡ፤ እስራኤል ውስጥም ናዝሬት አለች። ቦሌ ሲሉ ደግሞ ይጠንቀቁ። ከተማው ካልተጠቀሰ ሠራተኛው የሚያስበው የአዲስ አበባውን ቦሌ ነው፤ ዕቃው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይቀራል።

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1972 ባለ 6 አኃዝ ኮዷን የጀመረችው ለዚሁ ችግር ነበር፦ ተመሳሳይ የቦታ ስሞች፣ ብዙ ቋንቋዎች፣ ብዙ አጻጻፎች። ቁጥር በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነው። ኮዱ ሲለመድ ለእኛም ከተሞች ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ እስከዚያው ግን ሣጥን ቁጥርዎን፣ «አዳማ»ን እና ስልክዎን ሳይነጣጠሉ ይጻፉ።