የቾክ ሪቨር ፓምፖች

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ለረጅም ጊዜ ሳብሰለስለው ስለቆየሁት አንድ የኑክሌር ምርምር ሪአክተር ነው። ስሙ ኤንአርዩ ይባላል፤ በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ቾክ ሪቨር በተባለ ስፍራ ከ1957 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምርምር ሪአክተር ሲባል ከሰው የዕለት ኑሮ የራቀ ነገር ይመስላል። ኤንአርዩ ግን ጨረር አመንጪ የሆነውን ሞሊብዲነም 99 ያመርት ነበር። ይህ ንጥረ ነገር ወደ ቴክኒሺየም 99ኤም ይለወጣል፤ ሐኪሞችም በእሱ አማካይነት የልብ ጡንቻ በቂ ደም ማግኘቱን፣ ካንሰር ወደ አጥንት መዛመቱን ያያሉ። ሞሊብዲነሙ በ66 ሰዓት፣ ቴክኒሺየሙ ደግሞ በ6 ሰዓት ግማሹ ያልቃል። ስለዚህ ለክፉ ቀን ተብሎ መጋዘን ውስጥ አይቀመጥም። ሪአክተሩ ሲቆም ሆስፒታሎች ችግሩ የሚሰማቸው በቀናት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ማቀዝቀዣው ልምጣ። ሪአክተር ስለጠፋ ሙቀቱ አብሮ አይጠፋም፤ እሳቱ ከከሰመ በኋላ ፍሙ እንደሚያቃጥል ማለት ነው። በጠፋበት ቅጽበት ከሙሉ ኃይሉ 6 በመቶ ገደማ ሙቀት መውጣቱን ይቀጥላል። ኤንአርዩ 135 ሜጋዋት ስለነበር፣ ጠፍቶም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ወደ 8 ሜጋዋት የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ያን ሙቀት የሚያስወግደው በፓምፕ የሚዘዋወረው ከባድ ውሃ ነው፤ ከባድ ውሃ ማለት ሃይድሮጂኑ ከተለመደው የከበደ ውሃ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ መብራት ቢቋረጥስ? ፓምፖቹ ከየት ኃይል ያገኛሉ?

በኅዳር 2007 የተነሳው ጥያቄ ይኸው ነበር። ሪአክተሩ ለተለመደ ጥገና በቆመበት ወቅት፣ ሁለት የማቀዝቀዣ ፓምፖች መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተደርጎ ከተሠራው የአደጋ ጊዜ የኃይል ምንጭ ጋር አለመገናኘታቸው ታወቀ። ሥራው ፈቃዱ ሲታደስ ተጠናቅቋል ተብሎ የታሰበ ነበር። የካናዳ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ግንኙነቱ ሳይሠራ ሪአክተሩ መነሳት የለበትም አለ። እንደ ሞሊብዲነም 99 ያለው የሕክምና ኢሶቶፕ ተወደደ፣ ጠፋ፤ የበሽተኞች ቀጠሮ ተሰረዘ። በታኅሣሥ የካናዳ ፓርላማ በጥድፊያ ሕግ አውጥቶ የኮሚሽኑን መስፈርት ለ120 ቀናት ወደ ጎን አደረገና ሪአክተሩ ተነሳ። የኮሚሽኑ ፕሬዝዳንት ሊንዳ ኪን በጥር 2008፣ በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ሊናገሩ ሰዓታት ሲቀራቸው፣ ከፕሬዝዳንትነታቸው ተነሱ።

እኔ ከሊንዳ ኪን ጎን ነኝ። ምርመራዋ የተሰረዘባትን እናት አልዘነጋሁም፤ የእሷን ጭንቀት ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን እሷን በችግር ላይ የጣላት፣ ፓምፑ መስመር ላይ ይግባ ያለው ሰው አልነበረም። ግማሽ ክፍለ ዘመን ባስቆጠረ አንድ ሪአክተር ላይ ያን ያህል ሕመምተኛ እንዲንጠለጠል የፈቀደው አሠራር ነው። ኤንአርዩን እንዲተኩ ታስበው የተሠሩት ሁለቱ ሜፕል ሪአክተሮች አስተማማኝነታቸው ሳይረጋገጥ ቀርቶ በዚያው በ2008 ፕሮጀክታቸው ተቋረጠ። ንዴቴ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ግንቦት 2009 መጣ። በአካባቢው መብራት ተቋርጦ ሪአክተሩ ቆመ፤ በማግስቱም ከባድ ውሃ ሲፈስ ተገኘ። ከአሉሚኒየም የተሠራው የሪአክተሩ ጋን ግድግዳ፣ ከታችኛው ክፍሉ አካባቢ ከውጭ በኩል ተበልቶ ነበር። ጨረር፣ አየርና እርጥበት ሲገናኙ ናይትሪክ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱ ብረቱን ዓመታት ሙሉ ሲሸረሽረው ኖሯል። ጠጋኞቹ ሰው ሊቀርበው ወደማይችል ቦታ፣ ከላይ በኩል ባለ 12 ሴንቲሜትር ገደማ ቀዳዳ መሣሪያዎቻቸውን ወደ 9 ሜትር ጥልቀት አውርደው መበየድ ነበረባቸው። ይህን ሥራ ባሰብኩ ቁጥር ለእነዚያ በያጆች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። ሪአክተሩ እንደገና የተነሳው በነሐሴ 2010 ነው።

በዚያው መካከል፣ ሌላው ትልቅ አምራች የሆነው የኔዘርላንዱ የፔተን ሪአክተርም በማቀዝቀዣ ቧንቧዎቹ ዝገት ምክንያት ከየካቲት 2010 ጀምሮ ለወራት ለጥገና ቆሞ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቆሙ የፖላንዱ ማሪያ ሪአክተር ወደ ምርቱ ገባ። ሐኪሞችም አንዳንድ የልብ ምርመራዎችን ታሊየም ወደተባለ ሌላ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር መለሱ፤ ታሊየም ሕመምተኛውን ለበለጠ ጨረር የሚያጋልጥ ነው።

ኤንአርዩ በመጋቢት 2018 ለዘለቄታው ተዘግቷል። ፔተን ግን ከ1961 ጀምሮ የሚሠራ ሆኖ ዛሬም አለ፤ በ2022 መጀመሪያም በማቀዝቀዣ ውሃ ፍሳሽ ምክንያት ሳይነሳ ዘግይቶ፣ ሆስፒታሎች ዳግም ተቸግረው ነበር። ተተኪው ፓላስ እዚያው ፔተን እየተሠራ ነው። ግንባታው እስኪጠናቀቅ ድረስ ፔተን ቆመ የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር አስቀድሜ የማጣራው የትኛው ቧንቧ እንደሆነና ለስንት ሳምንት እንደሚቆም ነው።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ደህና ሰንብቱ።