«ሲስተሙ ላይ አለ ይላል»

እንደምን ዋላችሁ።

የሱፐርማርኬቱ ኃላፊዎች፣ ሠራተኞች፣ እንደኔ ጋሪ ስትገፉ የኖራችሁ ደንበኞች፣ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። 10 ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ሁሉንም አልጨርሳትም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ታያላችሁ።

እናንተ ዘንድ መግዛት ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ስለዚህ ጠላት ይናገረናል ብላችሁ እንዳትሰሙኝ። ጠላት መች ስብሰባ ድረስ ይመጣል? ዝም ብሎ ሌላ ቦታ ይገዛል።

ባለፈው ሳምንት ባትሪ ድንጋይ ፈልጌ መጣሁ። መደርደሪያው ላይ የዋጋው ወረቀት አለ፣ ድንጋዩ የለም። አንድ ወጣት ሠራተኛ ጠየቅኩ። ትሁት ልጅ ነው፤ ሮጦ ኮምፒውተር አይቶ ተመለሰ። «ሲስተሙ ላይ 14 አለ ይላል» አለኝ። ሁለታችንም ባዶውን መደርደሪያ አየን። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ወጥቼ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ያቺ 14 ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ዕቃ ግምጃ ቤት የሠራ ወዳጄን ብጠይቀው «ይሄማ የታወቀ በሽታ ነው» አለኝ። ዕቃው ተሰርቋል፣ ወይም ተሰብሮ ተጥሏል፣ ወይም የአንዱ ባርኮድ ለሌላው ተመቷል። መደርደሪያው ባዶ ሆኗል፤ ኮምፒውተሩ ግን አልሰማም። አዲስ ዕቃ የሚያዘው ደግሞ እሱ ነው። 14 አለኝ ብሎ ካመነ ለምን ያዛል? ዕቃ ስለሌለ አይሸጥም፤ ስለማይሸጥ ቁጥሩ አይቀንስም፤ ቁጥሩ ስለማይቀንስ ዕቃው አይመጣም። ይባስ ብሎ ወር ሲዘጋ ሪፖርቱ ላይ «ይህ ዕቃ ፈላጊ የለውም» ተብሎ ይነበባል። ፈላጊውማ ይኸው እዚህ ቆሞ እያወራችሁ ነው።

መድኃኒቱ የሚገርም አይደለም። አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ዞሮ ባዶውን ይመዘግባል፣ ቁጥሩን ያስተካክላል። ይህን ሥራ በፊት የሚሠሩ ሰዎች ነበሯችሁ። በዓይናችን እናውቃቸው ነበር። አሁን የሉም።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ድሮ ገዢ ባንኮኒ ፊት ቆሞ «ይሄን ስጠኝ» ይል ነበር፤ ሻጩ ሄዶ ያመጣል። በ1916 እ.ኤ.አ. ክላረንስ ሳውንደርስ የሚባል ነጋዴ አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ «ፒግሊ ዊግሊ» የሚባል መደብር ከፈተና ገዢው ራሱ ገብቶ እንዲያነሳ አደረገ። ሱፐርማርኬት የሚባለው ነገር ሁሉ ከዚያ መደብር የተወለደ ነው። ነገሩ ውል ነበረው። እኛ የሻጩን ሥራ በነፃ እንሠራለን፤ እንፈልጋለን፣ እናነሳለን፣ እንገፋለን። በምላሹ ዕቃው ቦታው ላይ ይገኛል፣ የተለጠፈው ዋጋም እውነተኛው ዋጋ ይሆናል። እኛ የኛን ድርሻ አሁንም እየተወጣን ነው። እንዲያውም አንዳንድ ቅርንጫፍ ላይ የካሸሩንም ሥራ ጨምራችሁልናል።

ዋጋ ካልኩ አይቀር፣ መደርደሪያው ላይ አንድ ዋጋ፣ ካሸር ጋ ሌላ ዋጋ ሲሆን ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ? አብዛኛውን ጊዜ እንከፍላለን። ከኋላ ሰልፍ አለ። ለትንሽ ገንዘብ የተጨቃጨቅን እንዳንመስል እናፍራለን። ይሉኝታችን ተቆጥሮ የናንተ ገቢ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ስለ ሰልፉ ስድስት ካሸር ቦታ አለ፣ አንዱ ክፍት ነው ብዬ ልለፍ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ይህ ሥራ ትርፉ ስስ ነው፤ ደህና የሚሠራ ሱፐርማርኬት እንኳ ከመቶ እጅ ሽያጩ የተጣራ ሁለት ሦስት እጅ ቢተርፈው ነው። ሽያጭ ትንሽ ሲቀንስ ትርፉ ጠቅላላ ይበናል፤ ኪራዩ፣ መብራቱ፣ ማቀዝቀዣው ግን አይቀንስም። ስለዚህ ቶሎ የሚቆረጠው ሰው ነው። ቀጥሎ የአቅራቢው ክፍያ ይዘገያል። አቅራቢውም ሞኝ አይደለም፤ ዱቤውን አቁሞ «መጀመሪያ ገንዘቡ» ይላል። መደርደሪያው የባሰ ይራቆታል፣ ገዢ የባሰ ይሸሻል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ኤ ኤንድ ፒ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1930 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወደ 16,000 የሚጠጉ መደብሮች ነበሩት። በ2015 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ብዛት አላዳነውም።

እኛ ደግሞ ሒሳብ ሳናይ እናውቃለን። ሳሙናው ከፊት አንድ ረድፍ ተደርድሮ ሲታይ ሙሉ ይመስላል። አንዱን ስታነሱ ከኋላው ባዶው የመደርደሪያው ቆርቆሮ ነው። ሦስት ሜትር መደርደሪያ አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ተደርድሮበት ሳይ፣ ቦታ ለመሙላት እንደሆነ ይገባኛል። መጋረጃ ነው። እባካችሁ ይሄን ተዉት። «ይህ ዕቃ የለንም፤ በዚህ ቀን ይገባል» ብላችሁ ጻፉና ቀኑን አክብሩ። ባዶ ቦታ አያባርረኝም። «ነገ ይገባል» ተብዬ አራት ጊዜ መመላለሴ ነው የሚያባርረኝ።

ጽሕፈት ቤታችሁ «ቅሬታ ቀንሷል» ብሎ መለጠፉን ሰምቻለሁ። ልክ ነው፣ ቀንሷል። የኔ ጎረቤት በየሳምንቱ ታማርር ነበር፤ አሁን አንድም ቃል አትናገርም። ከመጣች ስድስት ወሯ ነው።

አንዱ የተከፈተው ካሸር ላይ የምትቀመጠውን ልጅ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ያላዘዘችውን ዕቃ፣ ያልለጠፈችውን ዋጋ፣ ያልቀነሰችውን ሠራተኛ በተመለከተ ቀኑን ሙሉ «ይቅርታ» ስትል ትውላለች። እኛም ንዴታችንን እሷ ላይ እንወጣለን፤ እኔም አድርጌዋለሁ፣ ዛሬ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ባዶው የትኛው እንደሆነ፣ ሰው ምን ጠይቆ ምን አጥቶ እንደሚወጣ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ጠይቋት የሚያውቅ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

የቀረችኝ ሦስት ደቂቃ የሷ ናት። አስቀድሜ አናግሬያት እሺ ብላኛለች፤ ፈራ ተባ ስላለች ግን ቦታዋ ድረስ ማይኩን እኔው ይዤላት እሄዳለሁ።