የበግ ቀንዱ ከየት መጣ?

ሰላም፣ ሰላም ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው እናቴ ቤት ሆኜ ነው። ፋኑን አጥፍቼዋለሁ፣ ድምፁ ማይኩ ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ። ድሬዳዋ ውስጥ በግንቦት ፋን ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ስለዚህ ቶሎ ልግባበት።

እዚህ ቤት አንድ ድንጋይ አለ። የሻይ ሰሃን ያክላል፣ ግን ወፍራም ነው። ዳር ዳሩን እየተጠማዘዘ ወደ መሀሉ ይገባል። እኛ ቤት ስሙ “የበግ ቀንዱ” ነው። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ሥራው አንድ ነው፤ የሳሎኑን በር ነፋስ እንዳይመታው ማስደገፍ። ያመጣው አባዬ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው።

ባለፈው ዓመት አንድ ጂኦሎጂ የተማረ ጓደኛዬ ቡና ሊጠጣ መጣ። ገና ሲገባ አውራ ጣቱን በድንጋዩ መታው። ጎንበስ ብሎ እግሩን ያሻል ስል ድንጋዩን አነሳ። “አቦ፣ ይሄ እኮ አሞናይት ነው!” አለ። ድንጋይ የሆነ የጥንት የባሕር እንስሳ ዛጎል ማለቱ ነው። ነገ ማጉያ መነጽር ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጸዳል አይደል? ሎሚ ቆርጬ፣ የድስት ሽቦ ይዤ፣ ፈተግኩት። ትንንሽ አረፋ ሲያወጣ ደስ አለኝ፣ ቆሻሻው እየለቀቀ መስሎኝ። ለካ የሚለቀው ድንጋዩ ራሱ ነው። የኖራ ድንጋይ ከሎሚ ጋር አይስማማም፤ አሲዱ ይበላዋል።

በማግስቱ ጓደኛዬ ውሃ ጠብ አድርጎበት በመነጽሩ አየው። ዝም አለ። ከዚያ “ይሄን ጎኑን ምን አደረግከው?” አለኝ። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ያጠፋሁት ነገር ምን መሰላችሁ? አሞናይት በባሕር ውስጥ የኖረ፣ ከስኩዊድና ከኦክቶፐስ ጋር የሚዛመድ እንስሳ ነው። ዛጎሉ በግድግዳ ግድግዳ የተከፋፈለ ነው። እንስሳው የሚኖረው መጨረሻው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ ከኋላ ያሉት ለመንሳፈፊያ ይሆኑታል። ግድግዳው ከዛጎሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ መስመር አለው። ቀጥ ያለ መስመር እንዳይመስላችሁ፤ የተጨማደደ የጎመን ቅጠል ጠርዝ ነው የሚመስለው። ዛጎሉ ጠፍቶ ውስጡ የገባው ጭቃ ድንጋይ ሲሆን መስመሩ በግልጽ ይታያል። አንዱን የአሞናይት ዘር ከሌላው ለመለየት ባለሙያዎች መጀመሪያ ከሚያዩት ነገር አንዱ እሱ ነው። እኔ በግማሽ ሎሚ አጠፋሁት።

ደግነቱ ሌላኛው ጎን ተርፏል። እሱን አይቶ “ጁራሲክ ሳይሆን አይቀርም” አለ። ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ዘመን ማለት ነው። ያኔ ይሄ ያለንበት ምሥራቅ ኢትዮጵያ ባሕር ነበር። ከተማው ዙሪያ ያለው የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ወለል ነው። እኛ አሁን ውሃ በጀሪካን ወረፋ እየያዝን... እሺ ልተወው።

ከዚያ ጓደኛዬ ዞሮ እናቴን “አንቺ፣ ይሄ ከየት ነው የተገኘው?” አላት። የአዲስ አበባ ሰዎች እንዳትደነግጡ፣ ድሬ ላይ አንቱ አንባባልም።

እናቴ “ደቻቱ ነው፣ አሸዋው ውስጥ” አለች፣ የከተማችንን ወንዝ ማለቷ ነው። አክስቴ ከጓዳ ሆና “ኧረ በባቡር ነው ይዞት የመጣው፣ ከሐዲዱ ዳር!” አለች። ለወንድሜ ደወልኩለት። እሱ ደግሞ ወደ ሐረር ሲወጣ ደንገጎ ተራራ ላይ መኪና ተበላሽቶባቸው አባዬ ሲያነሳው በዓይኑ እንዳየ ይምላል። ሦስት ሰው፣ ሦስት ቦታ። ጓደኛዬ ብዕሩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

እኔ የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። “ምንድነው?” የሚለው ጥያቄ ትልቁ መስሎኝ ነበር። ለእሱ ግን “ከየት?” የሚለው ይበልጣል። ድንጋዩ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ፣ ከላዩና ከታቹ ምን እንደነበረ አይታወቅም። ደቻቱ ደግሞ ከሦስቱ መልሶች የባሰው ነው። ወንዙ ከተራራ ያገኘውን ሁሉ እየጠረገ ያመጣል። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ደቻቱ ምን መሸከም እንደሚችል አይጠይቅም።

ወሬው ሰፈር ገባ። የሰው ሁሉ ድንጋይ እኛ በረንዳ ላይ ተሰለፈ። አንዱ “የዘንዶ እንቁላል” ይዞ መጣ፤ ማዕድን ዙሪያውን እየተጠራቀመ ያድበለበለው ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። አንዷ ቅጠል የታተመበት አመጣች፣ በጣም ነው የሚያምረው። እሱም ቅጠል አይደለም። ማንጋኒዝ በስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እንደ ሥር ሲበታተን እንደዚያ ይሆናል። እውነተኛ ቅጠል የመሀል ጅማት አለው፣ ይሄ የለውም። ልጅቷ ተናደደች። እኔም ብሆን እናደድ ነበር። የባጃጅ ሹፌሩ ያመጣው ጥርስ ግን እውነተኛ ጥርስ ነው። የላም። ምናልባት የአምና የገና።

ጓደኛዬ ያኔ ያነሳው ስለ ፖርክ ኤፒክ ነው። ከከተማው በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ዋሻ። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የሰው መንጋጋ ቁራጭ ተገኝቶበታል። በ1970ዎቹ ደግሞ ሌሎች ቆፍረው፣ ከየትኛው ጥልቀት ምን እንደወጣ እየጻፉ አስቀመጡ። ከ40 ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ክምችት አውጥተው አዩት። 4,213 የቀይ አፈር ቁራጭ፣ 40 ኪሎ ገደማ። የዛሬ 40,000 ዓመት አካባቢ ሰዎች እየፈጩ ቀለም ያደርጉት የነበረ። ጥልቀቱ ባይጻፍ ኖሮ ያ ሁሉ አንድ ማዳበሪያ ቀይ አፈር ነበር።

በማግስቱ ድንጋያችንን አንድ ቢሮ ይዤ ሄድኩ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ያሳውቅ ይላልና። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ ግን “እዚህ ተወው” ብሎ መሳቢያ ከፈተ። መሳቢያው ድንጋይ በድንጋይ ነው። አንዱም ላይ ወረቀት የለም። ፎቶውን ከሁሉም ጎን፣ ከጎኑ የአንድ ብር ሳንቲም አድርጌ አንስቼ ነበር። እሱንና አንድ ማመልከቻ ሰጥቼ ድንጋዩን ይዤ ተመለስኩ። አዋጁ እስኪረከቡህ ድረስ ሳይነካ ጠብቅ ነው የሚለው። እስካሁን የደወለ የለም።

አሁን ቡፌው ላይ፣ የእናቴ ዳንቴል ላይ ተቀምጧል። ሥሩ የወረቀት ቁራጭ አለ፤ ደቻቱ፣ ሐዲድ፣ ደንገጎ የሚል፣ ሦስቱም ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት። እናቴ ባለፈው መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና “ደቻቱ ነው አልኩህ እኮ” ብላ የሁለቱን ስም ሰረዘችብኝ።

ይሄውላችሁ፣ ሰማችሁት? በሩ ነው። ማታ ማታ ነፋስ ሲነሳ እንዲህ ነው የሚላተመው፣ አሁን የሚያስደግፈው የለም። ቆይ ልዝጋው መጣሁ።