ሁለተኛው ፓምፕ መጠባበቂያ አይደለም

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ወሬው ስለ ነዳጅ ፓምፕ ነው። በተለይ ጉልበታቸው በጨመረ መኪኖች ላይ፣ ታንኩ ውስጥ ሁለት ፓምፕ ጎን ለጎን ስለ መግጠም።

ሁለት ፓምፕ የገጠመ ሰው «ለምን ሁለት አስፈለገህ?» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመልሰው አንድ ነው። «አንዱ ቢሞት ሌላው አለ» ይላል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እንቅልፍ ይሰጣል። ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው።

ሂሳቡን እንየው። ቱርቦ፣ ማለትም አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሰራ፣ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም አካባቢ ነዳጅ ይበላል። 500 የፈረስ ጉልበት ካለው 135 ኪሎ መሆኑ ነው። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል በሊትር ሲሰላ ከ180 ትንሽ ያልፋል። ገበያ ላይ «255 ሊትር በሰዓት» የሚባል በጣም የታወቀ የፓምፕ ዓይነት አለ። እንግዲህ አንዱ ይበቃል ማለት ነው?

ወረቀት ላይ አዎ። ግን ያ 255 የሚለው ቁጥር የተለካው በ3 ባር አካባቢ ግፊትና በ13.5 ቮልት ነው። ቱርቦው 1.5 ባር ሲነፋ፣ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው አፍንጫ፣ ኢንጀክተሩ፣ ያንን አየር ተጋፍቶ ነው የሚረጨው። ስለዚህ የግፊት መቆጣጠሪያው የነዳጁን ግፊት በዚያው ልክ ያነሳዋል፤ ከ3 ባር ወደ 4.5 ይወጣል። ግፊት በወጣ ቁጥር ፓምፑ የሚያፈሰው ይቀንሳል። ቮልቱ ከወረደ ደግሞ ጭራሽ ይብሳል። በዚህ ላይ ሰውየው ወደ ኢ85፣ ማለትም ኢታኖል ወደሚበዛበት ነዳጅ ከቀየረ፣ ለዚያው ጉልበት ሲሶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ይፈለጋል። የአንዱ ፓምፕ ነገር እዚህ ላይ አለቀ።

እና ሁለተኛው የሚገባው ለዚህ ነው። ትርፍ ሆኖ አይደለም፤ ስራው ሁለቱንም ስለሚጠይቅ ነው። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ አንዱ ቢሞት ምንም አይመስላችሁም፣ መኪናው ይሄዳል። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ግን ሞተሩ ከሚፈልገው በታች ያገኛል። የአየርና የነዳጁ ድብልቅ ይሳሳል፣ ማለትም ነዳጅ ያንሰዋል፤ ሙቀቱ ይወጣል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ፒስተን የሚቀልጠው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው፤ ለዚያውም በሰከንዶች ውስጥ። «መጠባበቂያ» ያልነው ነገር የሚሰራው በማያስፈልገን ጊዜ ብቻ ሆኖ አረፈ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ፓምፕ ሁልጊዜ አያሰራውም። የቱርቦው ግፊት ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ የሚያበራው ትንሽ የግፊት ማብሪያ ይገጥምለታል። ምክንያቱም አለው። ሁለቱም ሁልጊዜ ከሰሩ ሞተሩ የማይፈልገው ነዳጅ ተመልሶ ወደ ታንክ ይሄዳል፤ ሲመላለስ ይሞቃል። የመመለሻው ቱቦ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ያን ሁሉ ነዳጅ ማሳለፍ ያቅተውና ሞተሩ በቆመበት ሲሰራ የነዳጁ ግፊት ያለ ልክ ይወጣል። ድምጹም አለ፤ እሱን ግን እኔ እለምደዋለሁ።

ችግሩ ግን ያ ፓምፕ ሳምንታት ሳይነቃ ሊቆይ ይችላል። ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም። ሽቦው ላልቶ ይሆናል፣ ማብሪያው ተበላሽቶ ይሆናል። የሚጠራው ሞተሩ በጣም በተጨነቀበት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ተኝቼ ሌባ ሲመጣ እነሳለሁ እንደሚል ዘበኛ ማለት ነው።

እኔ የመረጥኩት መሐል ላይ ያለውን ነው። ሁለተኛውን የሚያበራው ለብቻው የቆመ ማብሪያ ሳይሆን የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። የሚበራውም ከሚያስፈልገው ቀደም ብሎ፣ ቱርቦው ገና ሲጀማምር ነው። ስለዚህ መኪናውን ባወጣሁ ቁጥር ይሰራል፣ አይረሳም። ከዚህ በላይ የማምነው ግን የነዳጅ ግፊት መለኪያ ሴንሰሩን ነው። ግፊቱ መሆን ካለበት ከወረደ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ይቆርጣል፤ እኔ ዳሽቦርዱን እስካይ አይጠብቅም። ሁለት ፓምፕ ገዝቶ ሴንሰሩን «በኋላ» የሚል ሰው ካለ፣ እኔ ብሆን ሴንሰሩን ቀድሜ እገዛለሁ።

ወደ ሽቦው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው ፓምፑን አምርጦ ሽቦው ላይ ይሰስታል። ፋብሪካው የዘረጋው ሽቦ ለአንድ ትንሽ ፓምፕ የተሰራ ነው። አንድ ትልቅ ፓምፕ በከባድ ጭነት 15 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል። መስመሩ ላይ 0.1 ኦም መሰናክል ቢኖር፣ 15 አምፔር ሲያልፍ 1.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ይሄ ኪሳራ በሊትር ነው የሚታየው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፓምፕ የራሱ ሪሌ (በትንሽ ምልክት ትልቁን ኤሌክትሪክ የሚያበራ ማብሪያ)፣ የራሱ ፊውዝ፣ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ሽቦ። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን። የማሳውንም፣ ማለትም የመመለሻውን ሽቦ አትርሱ፤ ኤሌክትሪክ የሚሄደውን ያህል መመለስ አለበት። የታንኩን ክዳን የሚያልፈው ሶኬትም ያንኑ አምፔር መቻል አለበት፤ የፋብሪካው ሶኬት ሙቀት በዝቶበት ሲቀልጥ አይቻለሁ።

ሪሌውን የሚቀሰቅሰው ግን የፋብሪካው የፓምፕ ምልክት ይሁን እንጂ በቀጥታ ከቁልፉ አይሁን። ግጭት ደርሶ ሞተሩ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ፓምፑንም ያጠፋል። ከቁልፉ የተቀጠለ ፓምፕ ግን ቱቦው ቢቆረጥም ነዳጅ መርጨቱን ይቀጥላል። ይሄን በፍጹም አልደራደርበትም።

ታንኩ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሁሉም ነገር ቤንዚን ውስጥ ይኖራል። «የነዳጅ ጎማ» የተባለ ቱቦ ሁሉ አይሆንም። ከውስጥ ነዳጅ የሚያሳልፍ ጎማ ከውጭ ነዳጅ ሲነካው ሊያብጥና ሊሰነጠቅ ይችላል። ለዚህ የተሰራው ኤስኤኢ 30አር10 የሚል ምልክት አለው፤ 30አር9 የሚለው መልኩ ቢመሳሰልም ለመጥለቅ አልተሰራም። ከዚያ የሁለቱ ፓምፖች መስመር ወደ አንድ የሚገናኝበት «ዋይ» የሚባል መገጣጠሚያ አለ። እያንዳንዱ መስመር ላይ ነዳጅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ከሌለ፣ የሚሰራው ፓምፕ የሚገፋውን ነዳጅ በቆመው በኩል መልሶ ወደ ታንክ ያፈሰዋል። ያኔ ግማሹ እንኳ አይደርሳችሁም።

ይሄን የምታዩበት ቀላል መንገድ አለ። ሞተሩን ሳታስነሱ የአንዱን ፊውዝ አውጥታችሁ ሌላውን ብቻ አሰሩ፣ ግፊቱን እዩ። ከዚያ ቀይሩ። ሁለቱም ብቻቸውን ተመሳሳይ ግፊት መያዝ አለባቸው። ካልያዙ ወይ ፓምፑ፣ ወይ ቫልቩ፣ ወይ ጎማው ነው። እኔ ዘይት በቀየርኩ ቁጥር አደርገዋለሁ።

ስለ ደህንነት አንድ ነገር። የኤሌክትሪክ ሞተር ቤንዚን ውስጥ መንከሩ የሚያስፈራው ሰው አለ። ፈሳሹ ፓምፑን ያቀዘቅዘዋል፣ ያለሰልሰዋልም። በተዘጋ ታንክ ውስጥ ደግሞ የቤንዚን ትነት አብዛኛውን ጊዜ ሊቀጣጠል ከሚችልበት መጠን በላይ ስለሚሆን አይቀጣጠልም። የሚቀጣጠለው ትነቱ ከአየሩ ጋር ከተቀላቀለው 1.4 እስከ 7.6 በመቶ ያህል ሲሆን ነው። እዚያ ልክ ላይ የምንደርሰው እንግዲህ ክዳኑን ስንከፍት ነው፤ ትነቱ ይወጣል፣ ከአየር ይቀላቀላል፣ ከባድ ስለሆነም ወለሉን ይዞ ይሄዳል። በሩ ክፍት ይሁን። ግፊቱን አስቀድማችሁ አውጡ፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። አምፖል ያለው የድሮ የስራ መብራት አታስገቡ። የእሳት ማጥፊያውን እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ።

የቀረው ጥቃቅን ነው፣ ቶሎ ልለፈው። የፓምፑ ወንፊት የታንኩን ወለል መንካት አለበት፤ አንዱ ከፍ ካለ ታንኩ ጎደል ሲል አየር ይስባል። የታንኩ ክዳን ጎሚኒ ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ቦታው አልገባ ይላል፤ አዲስ አዘጋጁ። ታንካቸው በመሐል ከፍ ብሎ ለሁለት የተከፈለ መኪኖች ላይ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ነዳጅ የሚያሻግረውን ትንሽ ቱቦ ቦታ አጣሁ ብላችሁ እንዳታወጡት።

«ታዲያ አንድ ትልቅ ፓምፕ አይሻልም?» ለምትሉ፣ ብዙ ጊዜ ይሻላል። አንድ 450 ሊትር የሚባለው ፓምፕ ለብዙ መኪና ከበቂ በላይ ነው። ሽቦው አንድ፣ ጎማው አንድ፣ ቫልቩ አንድ። 500 የፈረስ ጉልበት ላይ በቤንዚን ለመቆየት የወሰነ ሰው ቢጠይቀኝ ሁለት ግጠም አልለውም። የኔ መኪና ኢ85 ትጠጣለች፣ ጉልበቷም ከዚያ በላይ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም እዚያው ናቸው። በሚቀጥለው ክፍል ስለ ኢንጀክተር መጠን አወራለሁ፤ ጥያቄ ካላችሁ እስከዚያ ላኩልኝ።