በር የሌለው ምድጃ

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ከሐሳቤ አልወጣ ስላለ አንድ የክፍል ማሞቂያ ምድጃ ላወራችሁ ነው።

ምድጃው ያለው በኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና፣ ሾንብሩን ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። አገሩን ይገዙ የነበሩት የሃብስበርግ ነገሥታት በጋውን የሚያሳልፉት እዚያ ነበር። 1,441 ክፍሎች አሉት። የውስጡ ውበት በአብዛኛው የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ዘመን ነው።

ታላቁ አዳራሽ ከ40 ሜትር በላይ ይረዝማል። ወርቁ፣ መስታወቱ፣ የጣሪያው ሥዕል... ዓይን ማረፊያ ያጣል። «የሚሊዮን ክፍል» የሚሉት ደግሞ አለ። ግድግዳው በውድ እንጨት ተለብጦ የሕንድና የፋርስ ትንንሽ ሥዕሎች ተለጥፈውበታል። ሥዕሎቹን ከክፈፉ ቅርፅ ጋር እንዲገጥሙ ቆራርጠዋቸዋል። እውነት ለመናገር፣ እሱን ሳውቅ አንጀቴን በላኝ።

ወደ ምድጃው ልመለስ። ነጭ ነው፣ ጌጡ ወርቃማ፣ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ዞር ዞር ብዬ አየሁት። እንጨት የሚገባበት በር የለውም! ለካ የሚማገደው ከጀርባ ነው። ከግድግዳው ኋላ ጠባብ መተላለፊያ አለ። አመድና ጥላሸት ሳሎኑን እንዳያቆሽሽ፣ አገልጋዮቹ በዚያ እየተመላለሱ እሳቱን ያነዱ ነበር። ከፊት የሚታየው ሙቀቱ የሚመጣበት ጌጥ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ክፍል በሌላ ዓይን አየሁት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1762 የ6 ዓመቱ ሙዚቀኛ ሞዛርት ለእቴጌዋ የተጫወተው እዚህ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። ያን ቀን ምድጃው ተለኩሶ ከነበረ፣ ከግድግዳው ማዶ ማገዶ የያዘው ሰውዬ ሙዚቃውን ሰምቶት ይሆን?

ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ የተወለዱትም የሞቱትም በዚሁ ቤት ነው። በ1916፣ በ86 ዓመታቸው አረፉ። አልጋቸው ተራ የብረት አልጋ ነው፤ ያን ሁሉ ወርቅ አልፋችሁ ስትደርሱ ልብ ይነካል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኅዳር 11 ቀን 1918፣ ተተኪያቸው ቀዳማዊ ካርል በሰማያዊው የቻይና ሳሎን ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን ማንሳታቸውን ፈረሙ። ከ600 ዓመት በላይ የቆየ አገዛዝ፣ አንድ ወረቀት።

ልወጣ ስል ግድግዳው ላይ ከልጣፉ ጋር ተመሳስሎ የተሠራ ትንሽ በር አየሁ። ተዘግቷል። ጎብኚው ሁሉ ጣሪያውን እያየ ያልፈዋል። እኔ አጠገቡ ብዙ ቆምኩ።