ያልደረሰ ጎርፍ ስንት ያወጣል?

ጤና ይስጥልኝ። የማወራው ስለ በጀት ነው፤ ከአሁኑ ማዛጋት የጀመረ ካለ አልቀየመውም።

ከዚህ ከአራት ኪሎ ወረድ ስትሉ የግንፍሌ ወንዝ አለ፣ አለፍ ብሎ ደግሞ ቀበና። ሁለቱም የሚመጡት ከእንጦጦ ነው። ላይ ዶፍ ሲወርድ ታች ላለው ሰው ፋታ የለም። አየር አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ስለሚችል፣ ሲዘንብ የሚያወርደውም ይብሳል። ቱቦዎቻችን ግን የተቀበሩት በድሮው ዝናብ ልክ ነው፤ እሱም ፌስታልና ሃይላንድ ካልወተፋቸው።

ለጎርፍ መከላከያ ገንዘብ ሲጠየቅ «ትርፉ ምንድን ነው?» ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጣጣው ወጪው ደረሰኝ አለው፣ ትርፉ ግን ሳይደርስ የቀረ ነገር ነው። «ዘንድሮ ማንም አልተወሰደም» ብሎ ሪፖርት የሚያቀርብ የለም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲፈጅ ግን ሁላችንም ቆጠርን።

ቁጥር ለምትወዱ፦ ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ለውጥ መላመድ ኮሚሽን በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እንዳሰላው፣ ለማስጠንቀቂያ፣ ለመሠረተ ልማት፣ ለእርሻ፣ ለውሃና ለባሕር ዳር ደን በአሥር ዓመት 1.8 ትሪሊዮን ዶላር ቢወጣ 7.1 ትሪሊዮን የተጣራ ጥቅም ይገኛል። የ24 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብቻ ጉዳቱን በ30 በመቶ ይቀንሳል ይላል።

እኔን የማይዋጥልኝ ሌላ ነው። የሚድነው ንብረት በብር ከተተመነ ፎቅ ያለበት ሰፈር ሁሌም ያሸንፋል። ወንዝ ዳር ያለች የቆርቆሮ ቤት ገበያ ላይ ስንት ታወጣለች? ለባለቤቷ ግን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥበት ምጣድ፣ የልጆቿ ደብተር፣ የዕቁቧ ብር፣ ሁሉም እዚያችው ውስጥ ነው፤ ጎርፉ አንድ ሌሊት ሲገባ የሚወስድባት ካላት ላይ ቀንሶ ሳይሆን ያላትን በሙሉ ነው። ስሌቱ ውስጥ ይህ ይግባ። «ይነሱ» የምትሉም አላችሁ፤ አንዳንድ ቦታ ልክ ናችሁ፣ ግንብ መደርደር ብር መጣል ነው። ግን ደንበኞቿን ጥላ ስትሄድ የምታጣውም ወጪ ተብሎ ይመዝገብ።

አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፣ ክረምቱ ከገባ በኋላ። የቱቦ ጠረጋ ገንዘብ ካለፈው በጀት ተለይቶ ይቀመጥና ሚያዝያ ላይ ይለቀቅ።